ሙሽራዋ፣ ራቁቷ እና አያ ሙሄ

አያ ሙሄ መሞታቸውን የነገረኝ በከሚሴና በኮምቦልቻ መካከል የሚመላለስ የሚኒባስ ሹፌር ነው። ነዳጅ ሲቀዳ አግኝቼው ሰላምታውን ሳንጨርስ ነገረኝ። እንደ ወጉ «ኢና ሊላሂ» ማለት ሲገባኝ «ማን አለህ?» አልኩት። ሰውየው ተቀየመኝ። ከቀብር መምጣቱን፣ አፈር ሲለብሱ እሱም አካፋ መያዙን ነገረኝ። የሚባለውን ያልኩት ያኔ ነው። አያ ሙሄ ግን ቢሰሙኝ ኖሮ አይቀየሙም ነበር። የራሳቸውን ሞት ሰው መጥቶ ቢያረዳቸው መጀመሪያ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

«ኤኙ ጄዴ? ማን አለ?» ከአፋቸው አትጠፋም ነበር። ኦሮምኛውን አስቀድመው አማርኛውን ያስከትላሉ፤ ተጠያቂው በአንዱ ቋንቋ አልሰማሁም ብሎ እንዳያመልጥ ይመስለኛል። ጤፍ ተወደደ ሲሏቸው ማን አለ፣ ደጋው ላይ ዝናብ ጥሏል ሲሏቸው ማን አለ። ሬዲዮ ዜና ሲያነብ እንኳ ሬዲዮኑን ይጠይቁት ነበር።

ከሚሴ መሐል፣ ከአስፋልቱ ወረድ ብሎ፣ አንድ ግራርና አንድ የቆርቆሮ ጥላ ያለው ጋራዥ ነበራቸው። ረጅምና ቀጭን ናቸው፤ ጺማቸውን በሂና ያቀላሉ፤ ሰው ሲያናግራቸው ግራ ዓይናቸውን ጨፈን ያደርጋሉ። ያቺ ዓይን ስንቱን አስለፍልፋለች። ሰው ሰላም ሊላቸው መጥቶ ያቺን ዓይን ሲያይ ያልተጠየቀውን ይናገር ነበር። ሞተር ሲያዳምጡ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሯቸው ላይ ያደርጋሉ። ባለመኪናው ችግሩ በግራ በኩል ነው ካላቸው በቀኝ ይጀምራሉ። ሰው ስለ መኪናው እውነቱን አይናገርም፣ ወይ ያፍራል ወይ ይደብቃል ይሉ ነበር።

አንድ ጊዜ ለአረፋ በግ ሊገዙ ጨፋ ሮቢት ገበያ አብሬያቸው ሄድኩ። ግማሽ ቀን ፈጅተው አንድ ሙክት ወደዱ። ጥርሱን አዩ፣ ሽንጡን ዳበሱ፣ በዋጋውም ተስማሙ። ከዚያ ባለበጉን እስቲ ዘወር በል አሉት። ሰውየው ዘወር ሲል በጉ ተከተለው። አያ ሙሄ ፊታቸው ተለወጠ። እንዲህ የሚወደውን በግ ሰው ለምን ይሸጣል፣ አንድ ነገር አለበት ብለው ባዶ እጃችንን ተመለስን። የዚያን ዓመት አረፋ የጎረቤት ሥጋ በሉ። ባለቤታቸው እትዬ ፋጡማ ያን ቀን የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም።

ይህ ጠባያቸው በንጉሡ ጊዜ ያስቅ ነበር። ደርግ ሲመጣ ከተማው በሙሉ እሳቸውን ሆነ። ሻይ ቤት ገብቶ ጀርባውን ለበር የሚሰጥ ጠፋ። ሰው ሰላምታ ሲያሞቅልህ ምን ፈልጎ ነው ትላለህ፤ ሲያቀዘቅዝብህ ደግሞ ምን ሰምቶ ነው ትላለህ። እኔ ያኔ የወባ መድኃኒት የሚረጩ ሠራተኞችን የሚያመላልስ ላንድሮቨር እነዳ ነበር። የመንግሥት መኪና ይዤ የማልደርስበት ቀበሌ ስላልነበረ ወሬ አቀባይ ነው የሚሉኝ ነበሩ። ሻይ ቤት ስገባ ጨዋታ ይቆማል። አያ ሙሄም ከጠርጣሪዎቼ አንዱ ሆኑ። መኪናዬን ሲሠሩልኝ ከሞተር ውጭ አንድ ቃል አይወጣቸውም፤ በግ ልንሸምት አብረን የሄድን ሰዎች አንመስልም ነበር።

አሁን የምጽፈው ግን በዚያ ዘመን የአንድ ሰው ነፍስ በሁለት ቀይ መኪናዎች ልዩነት ላይ ስለተንጠለጠለችበት ጊዜ ነው። አያ ሙሄን የማልረሳቸውም በዚሁ ነው።

ልጅ ኃይሉ የሚባል ጨፋ ሸለቆ ውስጥ ሰፊ መሬት የነበረው የባላባት ልጅ ነበር። በመኪና ውድድር ያብዳል። በንጉሡ ጊዜ ሁለት ጣሊያን ሠራሽ መኪናዎች አስመጣ። ሁለቱም ቀይ፣ ሁለቱም ባለ ሁለት በር፣ ሁለቱም ከወገብ ዝቅ ያሉ፣ ፋብሪካቸውም ስማቸውም አንድ። ከሩቅ ያየ መንታ ናቸው ይላል። የሚያበጁለት አያ ሙሄ ነበሩ። ውድድር ሲኖርም አጠገቡ ተቀምጠው የሚመጣውን መታጠፊያ እየጮሁ ይነግሩታል። እሳቸው «ግራ፣ ጥብቅ!» ሲሉ እሱ ሳያይ ይጠመዝዛል ተብሎ ይወራ ነበር።

አንደኛዋ መኪና ለሰላማዊ ሰው የተሠራች ነች። ወለሏ ምንጣፍ፣ ክሩስኮቷ እንጨት፣ ፓራውልቷ ፊት የሚያሳይ ብረት፣ ሬዲዮና ሲጋራ መለኮሻም ያላት። በሯ ሲዘጋ ድፍን ያለ ድምፅ ይሰማል። የከሚሴ ሰው «ሙሽራዋ» አላት። ሁለተኛዋ ፋብሪካው ለውድድር ብሎ ያወጣት ነች። ፓራውልት የላትም፣ ምንጣፍ የላትም፣ ሬዲዮ የላትም። በሮቿና ኮፈኗ አሉሚኒየም ስለሆኑ በአንድ እጅ ይነሳሉ። የጎን መስኮቶቿ መስታወት ሳይሆኑ ፕላስቲክ ናቸው። ሞተሯ ሰፋ ያለ፣ ካርቡራተሮቿ ትልልቅ፣ ግንባሯ ላይ ከመደበኛው ሌላ ሁለት መብራት የተደረገላት ነች። እሷን ደግሞ «ራቁቷ» አሏት። ሽማግሌዎቹ በዚህ ስም አይጠሯትም፤ ስታልፍ «አዑዙ ቢላህ» ብለው «ያችኛዋ» ይሏታል።

ሰው ሁሉ የሚወደው ሙሽራዋን ነበር። አያ ሙሄ ግን አያምኗትም። ሙሽራዋ ታባብላለች ይሉ ነበር፤ ጉድጓዱን በወንበሯ ስፖንጅ ትደብቅብሃለች፣ ጎማዋ መንሸራተት ሲጀምር እንኳ ዝም ትልሃለች፣ የምታውቀው ገደል አፍ ስትደርስ ነው። ራቁቷ ሌላ ናት። ሁለቱም የሚጎትቱት በፊት ጎማቸው ነው፤ ራቁቷ ግን አፍንጫዋ ምን እንደሚያስብ ከመሪው ላይ በእጅ ይታወቃል። ጠጠሩ ሆዷን ሲመታ ይሰማል፣ የሞተሩ ሙቀት ለእግር ይደርሳል፣ ዝናብ ሲጥል በበሯ ክፍተት ይገባል። የምትጮህ መኪና ምን ትደብቃለች ይሉ ነበር። ዳገት ላይ ሙሽራዋ ማርሽ ተቀንሶላት ትንፋሿን እስክትሰበስብ ራቁቷ ሁለት መታጠፊያ አልፋለች።

አብዮቱ ሲመጣ ሁለቱም ተወረሱ። ራቁቷን ደሴ ያለ አንድ ሻለቃ ወሰዳት። ሙሽራዋ ከሚሴ ወረዳው ግቢ ውስጥ ቆመች። ቁልፏን የሚይዘው የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ሰይድ ነው። ሰይድ ገና ጎጆ የወጣ፣ ሚስቱ ዘይነባ አራስ የነበረች፣ ሲናገር ድምፁ የማይሰማ ሰው ነበር። ልጅ ኃይሉም ከከተማ እንዳይወጣ ታዞ፣ በሩ ላይ ጠባቂ ቆሞበት ተቀመጠ።

በረመዷን አንድ ምሽት ልጅ ኃይሉ ጠፋ። ከተማው ሊያፈጥር ቤቱ የገባበት ሰዓት ነው። በር ጠባቂው የመግሪብ አዛን ሲል ሰውየውን ደጃፉ ላይ አይቼው ነበር አለ። ባቲ ውስጥ አንድ ሻይ ሻጭ ደግሞ የኢሻ አዛን ሲል ከቀይ መኪና ሲወርድ አይቼዋለሁ አለ። ኮምቦልቻ ኬላ ላይ የነበረውም መኪናዋ የመንግሥት ስለሆነች ገመዱን ዝቅ አድርጌ አሳለፍኳት አለ። ከባቲ ወዲያ ቆላው ነው፤ ልጅ ኃይሉ ከግመለኞች ጋር ወደ ጅቡቲ ወረደ ተባለ።

ራቁቷ ያን ምሽት ደሴ ነበረች። ቀይ መኪና ከሚሴ ውስጥ የነበረችው ሙሽራዋ ብቻ ስለሆነች ሰይድ ታሰረ። መኪናዋ ከግቢ አልወጣችም ከማለት ሌላ ቃል አልተነፈሰም። ተገረፈ፤ ያንኑ አለ። እርምጃ ይወሰድበታል የሚለው ወሬ ከተማውን ሞላው። እርምጃ በዚያን ጊዜ ምን ማለት እንደሆነ ለማንም መተርጎም አያስፈልግም ነበር።

ነገሩን የያዘው ጓድ ይማም የሚባል ካድሬ ነው። የወሎ ልጅ ነው፤ አባቱ ሼህ ናቸው ይባላል። እሱ ግን ረመዷንን ሙሉ ሻይ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጦ ሰው እያየው ምሳውን ይበላ ነበር። ፈራነው። አምላኩን ያልፈራ እኛን ምን ሊለን ነው ብለን።

አያ ሙሄ ቢሮ በራሳቸው እግር ገብተው አያውቁም። ያን ሰሞን ግን ማንም ሳይጠራቸው ገቡ። እኔ ደጅ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ሲገቡ አይቼ ምን ሊያሳብቁ ነው አልኩ። ኋላ እንደሰማሁት ለጓድ ይማም የነገሩት አንድ ነገር ነው፦ ሙሽራዋ ከመግሪብ እስከ ኢሻ ባቲ አትደርስም፤ የምትደርሰው ራቁቷ ብቻ ነች። ጓድ ይማም በምን እናምንሃለን፣ አንተም የልጅ ኃይሉ ሰው ነህ አላቸው። እሳቸውም ማመን አያስፈልግም፣ ሁለቱም ይሞከሩ አሉ። ምስክሮቹ ሰዓት የላቸውም፣ የመሰከሩት በአዛን ነው፤ እንግዲያው መኪናዎቹም በአዛን ይለኩ አሉ። ጓድ ይማም ብዙ ካሰበ በኋላ ተስማማ። ሁለቱንም የሚነዱት አያ ሙሄ እንዲሆኑ፣ እኔ ግን አጠገባቸው እንድቀመጥ አዘዘ። ሹፌር ስለሆንኩ እግራቸው ቢለግም አውቃለሁ።

እኔን ከደጅ አስጠርተው ይህን ሲነግሩን አያ ሙሄ ወደ እኔ ዞሩ። ግራ ዓይናቸውን አልጨፈኑም። በሁለቱም ነው ያዩኝ።

ራቁቷ ከደሴ መጣች። ሻለቃው ለሁለት ቀን ብሎ ነበር የሰጣት፤ አያ ሙሄ ግን ካርቡራተሯ ታሟል ብለው ፈቱት። ከፈቱት በኋላ አንድ ዕቃ ከአዲስ አበባ ካልመጣ አይገጠምም አሉ። ዕቃው ሲመጣ አይሆንም ብለው መለሱት። ረመዷን አለቀ፣ ኢድ አለፈ፣ ሰይድ እስር ቤት ነው። ዘይነባ አራስ ልጇን አቅፋ ጋራዡ ደጃፍ እየመጣች ትቀመጥ ነበር። አታለቅስም፣ አትጠይቅም፣ ካርቡራተሩን ታያለች። እኔ ካርቡራተሩን አይቼዋለሁ፤ ምንም አልነበረበትም። ሰውየው ለምን ይጎትታል አልኩ። ምናልባት ፍርዱ ቀድሞ ይወጣና ነገሩ ተድበስብሶ ይቀራል ብለው ነው ብዬ ጠረጠርኩ። ከመጠርጠርም አልፌ ጠላኋቸው።

በመጨረሻ ራቁቷ ተገጠመች።

የመጀመሪያው ምሽት የራቁቷ ነበር። መስጊዱ ጎን ቆመን ሙአዚኑ «አላሁ አክበር» ሲል ተነሳን። እንዲያ ያለ መንዳት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም። ሐርቡን ስናልፍ ያየሁት የሰው ፊት ሳይሆን የሰው ልብስ ነው። ከኮምቦልቻ ወዲያ መንገዱ መጠማዘዝ ሲጀምር አያ ሙሄ ድምፅ ሳያወጡ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር። መጀመሪያ ዱዓ መሰለኝ። ኋላ ገባኝ፤ መታጠፊያዎቹን ለራሳቸው እየነገሩ ነው። ራቁቷ ከእያንዳንዱ ኩርባ ስትወጣ አፍንጫዋን አስቀድማ ትጎትታለች፤ ዳገቱ ላይም አትሰንፍም። ጆሮዬ ደንቁሮ፣ ጉልበቴ ከበሩ ጋር ተጋጭቶ ባቲ ስንገባ መስጊዱ ደጃፍ የቆመው ፖሊስ እጁን አነሳ። ከመኪናው ወርጄ ቆሜ ትንፋሼን ሳልሰበስብ የኢሻ አዛን ተሰማ። ደርሳለች።

በማግሥቱ የሙሽራዋ ተራ ሆነ። ያን ምሽት እኔ ሰው አልነበርኩም፣ ዓይን ብቻ ነበርኩ። የቀኝ እግራቸውን አየሁ፤ የነዳጅ መስጫው ወለሉን ነክቷል። ማርሽ አቀያየራቸውን አየሁ፤ አንድም ጊዜ አልዘገዩም። ፍሬን ላይ ያለ ቦታው አልወጡም። ሙሽራዋን ራቁቷን በነዱበት ልክ ነው የነዷት፤ እንዲያውም የበለጠ ጨከኑባት። እሷ ግን ሙሽራ ነች። ኩርባ ላይ ወደ ውጭ ትተኛለች፣ ክብደቷን ይዛ እስክትነሳ ጊዜ ይወስዳል። ዳገቱ ላይ ሞተሯ አለቀሰ። ገርባን ስናልፍ የተቃጠለ ነገር ጠረን መጣ፤ ፍሪሲዮኗ ነው። ፊታቸውን ሳየው በላብ ታጥቧል። ይህ ሰው ሰይድን ለማዳን የመጣ ከሆነ ለምን እንዲህ ይነዳል ብዬ ደነገጥኩ። ብትደርስስ?

አልደረሰችም። ባቲ ስንገባ ሰው ሰግዶ ከመስጊድ እየወጣ ነበር። ፖሊሱ አዛኑ ካለ ቆይቷል አለን። እኔም በልቤ አልሐምዱሊላህ አልኩ፤ አንድም ነገር አላጭበረበሩም፣ ሙሽራዋ እውነትም አትችልም።

ከዚያ ዙሪያዬን አየሁ። ሻይ ቤቶቹ ባዶ ናቸው። ሳንቡሳ የሚጠብስ የለም፣ ቴምር የሚሸጥ የለም። ሰው ሰግዶ ወደ እራቱ እየሄደ ነው። በረመዷን እዚያው ቦታ ስንት ጊዜ አፍጥሬያለሁ፤ በረመዷን እንዲህ አይደለም። በረመዷን ሰው መጀመሪያ ያፈጥራል፣ ሾርባውን ይጠጣል፣ እራቱን ይበላል፣ ሙአዚኑም አብሮ ይበላል። የባቲው መስጊድ የኢሻውን አዛን የሚያሰማው ያ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ቆላ ወርደው የሚነግዱ፣ ከቆላም የሚመጡ ሁሉ ያውቁታል። ሻይ ሻጩ «ኢሻ ሲል» ያለው የረመዷኑን ኢሻ ነው። እኛ የለካነው ከኢድ በኋላ ያለውን ኢሻ ነው። በዚያ ርዝመት ሙሽራዋ ባቲ ደርሳ ሻይም ትጠጣለች።

ካርቡራተሩ ለምን እንደታመመ ያኔ ገባኝ። ቀና ስል አያ ሙሄ መሪውን እንደያዙ እያዩኝ ነው። ማወቄን አወቁ። ወደ ከሚሴ ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተለዋወጥንም።

በማግሥቱ ጓድ ይማም የወረዳውን ኮሚቴ ሰበሰበ። አምስት ሰዎች ናቸው፤ አምስቱም የከሚሴ ሰዎች፣ አምስቱም ጾመኞች። አያ ሙሄ ጥግ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ ቆሜ አስረዳሁ፤ አነዳዱ ልግመት አልነበረበትም፣ ራቁቷ ደርሳለች፣ ሙሽራዋ አልደረሰችም አልኩ። ጓድ ይማም እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ አስተኛ። ከዚያ ጠየቀኝ።

«ጓድ ከማል፣ ከዚያ ምሽት የሚለይ ነገር አልነበረም?»

አምስቱን ሰዎች አየኋቸው። አንዱ ጥፍሩን ያያል፤ አንዱ ጣሪያውን። በዕድሜ የገፉት ሐጂ ዑመር መቁጠሪያቸውን አቁመዋል። ሁሉም ያውቃሉ። ሁሉም ደግሞ ከመሐላችን የሚናገረው የትኛው ነው እያሉ እርስ በርስ ይፈራራሉ። የሚናገር ካለ ደግሞ እሱ እኔ ነኝ ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ። አያ ሙሄን አላየኋቸውም።

«መንገዱም ያው መንገድ ነው፣ አዛኑም ያው አዛን ነው» አልኩ።

ጓድ ይማም ረጅም ጊዜ አየኝ። የሼህ ልጅ ነው፤ ልጅነቱን ረመዷን እንዴት እንደሚመሽ ያላየ ሰው አይደለም። ያውቅ እንደሆነና እንዳልሆነ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሙሽራዋ ካልሆነች ራቁቷ ነች፤ ራቁቷ ከሆነች የሚጠየቀው ሻለቃው ነው፤ ሻለቃውን የሚጠይቅ ደግሞ በዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረም። ነገሩ በእንጥልጥል ይያዝ ብሎ ተነሳ። ሰይድ በሳምንቱ ተፈታ። ሲወጣ ደጃፉ ላይ ዘይነባ ብቻ ነበረች። ሌላ ሰው እንዳይታይ ፈርቶ ቤቱ ቀርቷል።

ከዚያ በኋላ ሰው እንወዳጃለን ብሎ ሊያስብ ይችላል። አልሆነም። አያ ሙሄ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ ከሩቅ እጃቸውን አንስተው ያልፋሉ። እኔም መኪናዬን ኮምቦልቻ ማሠራት ጀመርኩ። የሚያውቅብኝ ሰው ነው እያልኩ አስብ ነበር። አንድ ቀን እሳቸው ተይዘው ቢገረፉስ፤ ከማል ያውቅ ነበር ቢሉስ። ሻይ ቤት ገብቼ እሳቸው ካሉ ዕቃ የረሳሁ መስዬ እወጣለሁ። እንዲህ ስንሸሻሽ ደርግ እስኪወድቅ ቆየን። ሰይድም እንዴት እንደዳነ የሰማ አይመስልም፤ ሁለታችንንም በአንድ ዓይነት አንገቱን ደፍቶ ሰላም ይለናል።

ጡረታ ወጥቼ ኮምቦልቻ ገባሁ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በር ተንኳኳ። ስከፍት አያ ሙሄ በከዘራ ቆመዋል። ጺማቸው ሂናው ለቆት ነጭ ሆኗል። እትዬ ፋጡማ ማለፋቸውን፣ ጋራዡ መዘጋቱን ነገሩኝ። ሻይ ሲቀርብላቸው አልነኩትም። ቤቱን በዓይናቸው ዞሩት፣ ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ።

«የዚያን ነገር ለማን ነገርክ?»

«ለማንም» አልኳቸው።

«ለሚስትህስ?»

«ለሷም አልነገርኩም።»

ከዘራቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ሁሉንም አወጡት። ልጅ ኃይሉን ያን የረመዷን ምሽት በሙሽራዋ ባቲ ያደረሱት እሳቸው ነበሩ። ቁልፉን የሰጣቸው ሰይድ ነው፤ ያን ሁሉ ሲገረፍ ስማቸውን አልጠራም። ለልጅ ኃይሉ ሲሉ ይህን ያደረጉት ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ ባላባትን የሚወዱ ሰው አልነበሩም። በዓለም ላይ ሳይጠረጥራቸው ያመናቸው እሱ ብቻ መሆኑን ነገሩኝ። ገደል አፍ ላይ ግራ ሲሉት ግራ ነበር የሚሄደው። እንዲህ ያመናቸውን ሰው ከበር ጠባቂው ፊት ትተው ማፍጠር አቃታቸው። ሰይድ ሲታሰር ደግሞ እንቅልፍ አጡ። አዛኑን ያሰቡት እትዬ ፋጡማ ናቸው፤ እሳቸው እስከ ኢድ ለመጎተት ካርቡራተር ፈቱ።

«ያን ምሽት ባቲ ላይ ዓይንህን ሳየው አለቀልን ብዬ ነበር» አሉኝ። «ከዚያ ወዲያም ዛሬ ይሸጠኛል፣ ነገ ይሸጠኛል እያልኩ በርህ ጋ ስደርስ መንገድ እቀይር ነበር። ይሄን ሁሉ ዓመት።»

እኔም እሳቸውን ስሸሽ እንደኖርኩ ነገርኳቸው። ሻይ ቤት ገብቼ ዕቃ የረሳሁ መስዬ የወጣሁትን ሁሉ ነገርኳቸው። ሰሙኝ፤ አንድም ጊዜ ማን አለ አላሉኝም። ልቤ ተነካ። የአንድ ሰው ነፍስ በዝምታችን ያዳንን ሁለት ሰዎች፣ በዚያው ዝምታ ተፈራርተን አርጅተን ነው ያ ሳሎን ውስጥ የተገናኘነው። የሚመለስ ነገር አልነበረም። ሻዩም ቀዝቅዞ ነበር፤ ያን ጊዜ አንስተው እንደቀዘቀዘ ጠጡት።

ሲነሱ ትከሻዬን ይዘው ቆዩ።

«ወላሂ ከማል፣ የጠረጠርኩህን ያህል ብወድህ ኖሮ ወንድሜ ነበርክ» አሉኝ።

እስከ መናኸሪያ ሸኘኋቸው። የከሚሴው ሚኒባስ አልሞላም ነበርና ገብቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ስለ ዝናብ፣ ስለ ጤፍ ዋጋ፣ ስለ ሰይድ የልጅ ልጆች አወራን። ሲሞላ ወረድኩ።